ያልተከበረ ቀጠሮ

በክፍል በክፍል የሚቀርብ ድራማ ከተመልካቹ ጋር የሚገባው ውል ከፊልም ውል የተለየ ነው። ፊልም ታሪኩን በአንድ መቀመጫ ጀምሮና ፈጽሞ ተመልካቹን ያሰናብታል። ተከታታይ ድራማ ግን በየሳምንቱ ወደ ሰው ቤት እየገባ ጥያቄ ትቶ ይወጣል፤ ተመልካቹም ጥያቄውን ይዞ ይሰነብታል። ይህ ውል ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካው «ዘ ኤክስ ፋይልስ» ታሪክ ነው።

ክሪስ ካርተር የፈጠረው ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1993 በፎክስ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ሁለት የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረቦች፣ ማመን የሚሻው ሞልደርና ማስረጃ የምትጠይቀው ሐኪም ስካሊ፣ መፍትሔ ያጡ መዝገቦችን ይመረምራሉ። አንዳንዱ ታሪክ በአንድ ምሽት ተጀምሮ ያልቃል፤ ሌላው ደግሞ፣ መንግሥት ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን የደበቀው ምስጢር፣ ከዓመት ዓመት ይወራረሳል። ድራማው ከ202 ክፍሎች በኋላ በሜይ 2002 ሲፈጸም፣ የመጨረሻው ክፍል ፍጡራኑ ምድርን የሚወርሩበትን ቀን ዲሴምበር 22 ቀን 2012 ብሎ ቆረጠ። ይህ ለተመልካቹ የተሰጠ ቀጠሮ ነበር።

ታላቁን ምስጢር የተከተለው የመጀመሪያው ፊልም በ1998፣ ድራማው ገና በመታየት ላይ ሳለ ወጥቶ፣ በዓለም ዙሪያ 189 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቶ ነበር። ሁለተኛው ፊልም በጁላይ 2008 ወጣ። ርዕሱም በሞልደር ቢሮ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሥዕል የተወሰደው «ማመን እሻለሁ» የሚለው ቃል ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቀው ተመልካች ግን ያገኘው የጠፋች መርማሪን ፍለጋና ራእይ አያለሁ የሚል ወንጀለኛ የቀድሞ ቄስን ነው። ስለ ተቆረጠው ቀን ምላሽ አልተሰጠም። ገቢውም 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ውጤት፣ ከአንድ ሳምንት በፊት የወጣው የባትማን ፊልም ተመልካቹን ስለ ወሰደው ነው የሚሉ አሉ። ይህ የባዶውን ወንበር ምክንያት ያስረዳ ይሆናል፤ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየው ሰው ለምን እንዳዘነ ግን አያስረዳም። ፊልሙ ፍሬ ቢስ አልነበረም። ስካሊ በአንድ ሕመምተኛ ልጅ ላይ የሚያሠቃይ ሕክምና ለመቀጠል ወይም ለመተው ስታመነታ የሚታየው ጭንቀት እውነተኛ ነው። ለአንድ ምሽት ክፍል ይበቃል፤ ለስድስት ዓመት ጥበቃ ግን አልበቃም።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? ራሱን የቻለ ታሪክ መምረጥ ለአዲስ ተመልካች በር ይከፍታል፤ በዚህ ፊልም ግን የነባሩ ተመልካች ትዝታ እንደ ሸክም ተቆጥሮ በደጅ ቀረ። ያ ትዝታ ግን ደራሲውና ተመልካቹ በዘጠኝ ዓመት በጋራ ያፈሩት ሀብት ነበር። ድራማው በ2016 ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ የተቀጠረበት ቀን ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

በራዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ለምንጽፍ ሁሉ ነገሩ ሩቅ አይደለም። መልሱን ማዘግየት የደራሲው መብት ነው፤ ጥያቄውን እንዳልጠየቀ መሆን ግን መብቱ አይደለም።