ከአደባባይ ነውጥ ወደ ልብ፤ «ኢሞሽን» የተባለው ቃል ጉዞ

«ኢሞሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ዳኛውም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ያህል ይጠሩታል። አማርኛ ተናጋሪውም ያለ ማመንታት «ስሜት» ብሎ ይተረጉመዋል። ይሁን እንጂ ፍርሃትን፣ ቁጣን፣ ሐዘንንና ደስታን በአንድነት የሚያቅፍ የሳይንስ ስም ከሆነ ገና ሁለት መቶ ዓመት ያህል ነው።

የቃሉ ሥር ከቦታ ማንቀሳቀስን የሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የሕዝብን ሁከትና ዐመፅ ጭምር ይገልጽ ነበር። ጆን ፍሎሪዮ የሞንቴይኝን ድርሰቶች ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1603 ሲያሳትም፣ ለእንግሊዝ አንባቢ ጆሮ እንግዳ ስለሚሆኑ ቃላት በመግቢያው ይቅርታ ጠይቋል፤ «ኢሞሽን» ከእነዚያ ቃላት አንዱ ነበር።

ከዚያ በፊት ለነፍስ መነሣሣት የሚያገለግሉ ሌሎች ስሞች ነበሩ። አውግስጢኖስና ቶማስ አኲናስ የቀረጹት የምዕራብ ክርስትና ትምህርት «ፓሽን»ን ከ«አፌክሽን» ይለይ ነበር። የመጀመሪያው ከሥጋ ጋር የተሳሰረና ሰውን ሳይፈቅድ የሚወርሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ርኅራኄና እንደ ፈጣሪ ፍቅር ከማስተዋልና ከፈቃድ የሚመነጭ ነው። የ«ፓሽን» መነሻ ትርጉም መከራን መቀበል ነው፤ ግእዝ «ሰሙነ ሕማማት» የሚለውን ሳምንት አውሮፓውያን በዚሁ ቃል የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 መታተም በጀመረው የሰው ልጅ ተፈጥሮ ድርሳኑ «ኢሞሽን»ን ከ«ፓሽን» ጎን ለጎን ተጠቀመበት። ቃሉን የአንድ ሰፊ ክፍል መጠሪያ ያደረገው ግን ሐኪምም ፈላስፋም የነበረው የኤድንበራው መምህር ቶማስ ብራውን ነው። እርሱ በሞተበት በ1820 የታተሙት ትምህርቶቹ የቆየውን ልዩነት በአንድ ስም ጠቀለሉት። ብራውን ራሱ ግን የቃሉን ትክክለኛ ፍቺ በቃላት መግለጽ አስቸጋሪ መሆኑን አምኗል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዊልያም ጄምስ ነገሩን ወደ ሥጋ አቀረበው፤ በእርሱ አስተሳሰብ ሰው የሚያለቅሰው ስላዘነ ሳይሆን፣ የሚያዝነው ስላለቀሰ ነው።

በዚህ ጉዞ የተገኘ ነገር አለ፤ የጠፋም አለ። ሰፊው ቃል ለምርምር ምቹ ሆነ። ነገር ግን ሰውን የሚነዳውን ግልፍታ፣ ሰው አስቦ ከሚያሳድገው ርኅራኄ የሚለየው ድንበር ደበዘዘ። ርኅራኄም ቁጣም እኩል «ኢሞሽን» ከተባሉ፣ ሁለቱም የምክንያት ተቃራኒ መስለው መታየታቸው አይቀርም።

አማርኛ በሌላ መንገድ ተጉዟል። ለጥንቱ «ኢሞሽን» የቅርብ ዘመዱ «ነውጥ» ነው፤ አደባባይም ይናወጣል፣ አእምሮም ይናወጣል። «ስሜት» ግን «ሰማ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ብርድም፣ ሕመምም፣ ደስታም ለሰው «ይሰማዋል»። ስለዚህ «ስሜት» መንቀሳቀስን ሳይሆን መቀበልን፣ ማድመጥን ያመለክታል፤ ከ«ኢሞሽን»ም ይሰፋል፣ የስሜት ሕዋሳትን ሳይቀር ያቅፋልና። «ስሜታዊ» ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተግሣጽ ነው፤ ሳያመዛዝን የሚቸኩል ማለት ነው።

ልዩነቱ በባዕድ አገር በሐኪም ፊት በተቀመጠ ሰው ላይ ይታያል። «ሆድ ባሰኝ» ያለው ታማሚ ስለ ጨጓራው አልተናገረም፤ «አንጀቴ ተቃጠለ» ያለችው እናትም እንዲሁ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ካሻገረው ሐኪሙ የተሳሳተ አካል ይመረምራል። ሁሉንም «ኢሞሽን» ብሎ ካለፈው ደግሞ የመከፋቱና የመንገብገቡ ልዩነት ይጠፋል። እንግሊዝኛውን ቃል በትክክል መጠቀም ማለት እንግዲህ ወሰኑን ማወቅ ነው፤ የወል ስም ነውና፣ ሰውየው የተሰማው ሐዘን ይሁን ኀፍረት፣ ቁጣ ይሁን ናፍቆት፣ በየስሙ መጠራት ይኖርበታል።