ከሾንኬ ተራራ እስከ ላይደን

ኧረ ቀረብ በሉ! ቡናው እስኪፈላ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ፣ የጨፋ ሜዳ ተንጣሎ፣ ቦርከና መሐል ለመሐል ሲፈስ እያያችሁ ከሚሴ ትደርሳላችሁ። በዚያው በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ተራራ አናት ላይ፣ ሾንኬ የሚባል የአርጎባ መንደር አለ። ቤቶቹ በድንጋይ የተካቡ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ናቸው። ሸህ ጀውሀር ሐይደር፣ ዓሊሙ፣ ማለትም የሃይማኖት ሊቁ፣ ሱፊውም፣ የዚህ መንደር ሰው ነበሩ።

እንግዲህ በወሎ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪው ማለት ነው፣ እንዴት እንደሚቀራ ልብ በሉ። ኪታቡን፣ መጽሐፉን፣ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በሸኹ ፊት መስመር በመስመር ያነባል። ሲስት ሸኹ ያቆሙታል። እርማቱንና ማብራሪያውን በህዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጽፈዋል። ኪታቡ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ህዳጉ እየሞላ ይሄዳል። ደረሳው ሲበቃ «በል አንተም አስቀራ» ይባላል፤ ኢጃዛ ማለት ይኸው ፈቃድ ነው። ማን ከማን እንደቀራም ስሙ እየተቆጠረ ይያዛል።

ስሙኝማ! የምሁራን ጆርናል የሚባለውም ሥራው ከዚህ አይርቅም። አጥኚው ጽሑፉን ይልካል፤ አዘጋጁ ለሙያው አዋቂዎች ይሰጣል። እነሱም «ይህን በምን አወቅህ? ያንንስ ማን ነገረህ?» ብለው ይመረምሩታል። ያልበሰለው ይመለሳል፤ የታረመው ይታተማል። የግርጌ ማስታወሻውም እንደ ሸኾቹ የስም ሐረግ ነው፤ ዕውቀቱ ከማን እንደተወሰደ ይመሰክራል። ሐኪሙም፣ የአፈር ተመራማሪውም፣ የታሪክ ጸሐፊውም የሚገቡት በዚህ በር ነው።

በዚህ በር ከገቡት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሁሴን አህመድ ናቸው። የወሎን እስልምና ታሪክ ከጽሑፍም ከሽማግሌ አንደበትም ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት አደረጉት። በ1989 የወሎውን ዓሊም የሸህ ጦልሃ ጃዕፈርን ሕይወት፣ ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጆርናል ላይ አወጡ። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና የሚተርከው መጽሐፋቸው ደግሞ በ2001 ታተመ። ያሳተመው ብሪል ነው፤ በሆላንድ ላይደን ከ1683 ጀምሮ የቆየ ማተሚያ ቤት። ቁጠሩት፤ ከዶክትሬቱ እስከ መጽሐፉ 16 ዓመት! እውነት ተጣርታ እስክትወጣ ይህን ያህል ታስጠብቃለች።

በ2004 ተራው የሸህ ጀውሀር ሆነ። ዶክተር ሁሴን የሾንኬውን ዓሊም ታሪክ «አናል ዴትዮፒ» በተባለው ጆርናል 20ኛ ቅጽ ላይ አሳተሙት። ጸሐፊው በ2009 አረፉ። ያ ጽሑፍ ግን ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባል፤ ከሚሴ ቁጭ ያለ ልጅ በስልኩ ሊከፍተው ይችላል።

ይከፍተዋል፤ የሚያገኘው ግን እንግሊዝኛ ነው። ልቤን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ሸህ ጦልሃ እኮ ዓረብኛ ሳያቅታቸው፣ ሕዝባቸው እንዲሰማቸው ብለው በዓረብኛ ፊደል አማርኛ የገጠሙ ሰው ናቸው። የኛ ሸኾች ኪታቡን አንብበው ብቻ አይተዉም፤ ደረሳው በሚሰማው ቋንቋ ይፈቱለታል። ያልተፈታለት ደረሳ ቀራ አይባልም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ አደራ! እንዲህ ያለውን ሥራ በአማርኛም በኦሮምኛም ፍቱልን። ያን ጊዜ የሾንኬ ልጅ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በአያቱ ፊት መስመር በመስመር ያነባል። አያትየውም «ቆይ፣ እዚህ ላይ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው» ይላሉ። ልጁም እስክሪብቶውን አንስቶ በህዳጉ ላይ ይጽፈዋል።