ሞክሼ ሆሄያትና ያልተቋጨው የፊደል ክርክር

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ስሙን ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። ማኅበርን በኅ፣ በሕ ወይም በህ፣ በዓልን ደግሞ በዓ፣ በዐ፣ በአ ወይም በኣ ቢጽፈው ድምፁ ያው ነው። ሁለቱ ቃላት ብቻ ተጣምረው 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣቸዋል። ይህን የታዘበ ሁሉ ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ አንድ ነው፤ ትርፎቹ ፊደላት ይውጡና እንገላገል። የፊደል ማሻሻያ አሳቢዎቻችንም ለረጅም ዘመን ያነጣጠሩት በዚሁ ትርፍ ላይ ነው። የአማርኛ አጻጻፍ ችግር ግን ከትርፉ ይልቅ በሌላ ስፍራ ያለ ይመስለኛል። አንደኛ፣ የጋራ አጻጻፍ የቱ እንደሆነ ተስማምተን አናውቅም፤ ሁለተኛ፣ ፊደሉ የጎደለው ነገር እስከ ዛሬ አልተሞላለትም።

እነዚህን አንድ ድምፅ የሚጋሩ ሞክሼ ሆሄያት ማንም አስቦ ያበዛቸው አይደሉም። ከግእዝ 26 ተነባቢዎች መካከል ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በጥንት ዘመን ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐ ከአልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀ ከጸሎቱ ጸ እንዲሁ ይለያዩ ነበር። ትግርኛ ሐንና ዐን ዛሬም በጉሮሮው ለይቶ ይናገራቸዋል። አማርኛ ድምፆቹን አዋሕዶ ፊደሎቹን እንዳሉ ወረሰ፤ ለራሱ ድምፆች ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ኸን፣ ዠን፣ ጀንና ጨን ሲጨምር ገበታው 33 ሆነ፤ በሰባት ሲባዛ 231። እንግሊዝኛም የተጓዘው ተመሳሳይ መንገድ ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያውን ዌስትሚንስተር ላይ ሲተክል፣ ዛሬ «ናይት» የሚባለው የባላባት ማዕረግ መነሻው ላይ ያለችው ኬ ገና ትሰማ ነበር። ሕትመት አጻጻፉን እያጸና ሲሄድ ንግግሩ ጥሎት ነጎደ። እዚያም እዚህም የቀሩት ፊደላት የድሮ ድምፅ አሻራዎች ናቸው።

በእኛ አገር የማሻሻያው ጥያቄ የበረታው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ኢንጅነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲቀርፁ፣ ሌሎችም ከእርሳቸው በኋላ ሲሞክሩ፣ ፈተናው ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን በጥቂት ቁልፎች ማዳረስ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው «ፊደልን ማሻሻል» የተሰኘ መጽሐፍ የዚያን ጊዜ ምሁራን ጥያቄውን ምን ያህል አክብደው እንደያዙት ያሳያል። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ጉዳዩን አጥንቶ ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ ወሰነ። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያሳተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት ይህንኑ የተቀነሰ አጻጻፍ ተከተለ። ያም ሆኖ ጋዜጣው፣ የመንግሥት ደብዳቤውና የመማሪያ መጽሐፉ እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት መዝገበ ቃላት ርእስ ላይ «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ ጽፈዋል፤ ግእዙ «ሐዲስ» ነው፤ የመዲናችን ስም በአልፋው አ ይጻፋል። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ተማሪው ግን የትኛውን እንደሚይዝ የነገረው የለም።

ለፊደላቱ መቆየት የሚከራከሩ ሰዎች ዋና ማስረጃ በሆሄ ብቻ የሚለያዩ ቃላት ናቸው። ሰረቀ ሌብነት ነው፣ ሠረቀ ደግሞ ወጣ፣ አበራ፤ ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፤ ድኅነት መዳን፣ ድህነት ማጣት። ማስረጃው እውነት ነው፣ ክብደቱ ግን ከግእዝ መጻሕፍት ሲወጡ ይቀንሳል። በዕለት ተዕለት አማርኛ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ጥቂት ናቸው፤ ዐውዱም አብዛኛውን ጊዜ ይለያቸዋል። ለእኔ የበለጠ የሚከብደው ሌላው ምክንያት ነው። የአንድ ቃል ዘሮች በአንድ ፊደል ሲጻፉ ዝምድናቸው በዓይን ይታያል፤ ጽሕፈት፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍና ጽሑፍ ሐመሩን ሐ ይዘው ሲቆሙ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ለማወቅ ግእዝ መማር አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ከአክሱም ሐውልቶች እስከ ብራናዎቹ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ትውልድ እንዲኖረን ከፈለግን ፊደሎቹን ከገበታው መፋቅ ጉዳቱ ያመዝናል። የጽሕፈት መኪናው ችግርም ዛሬ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጥቶታል።

«ታዲያ የገጠር ልጅ ለማይሰማው ልዩነት ለምን ይደክማል?» የሚለው ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በተለይ እንጅባራ ባለችበት በአዊ ዞን። እዚህ ብዙ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት በአውኚ ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም በአውኚ ይሰጣል። አውኚ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ የገጠመው ችግር ከአማርኛው ተቃራኒ ነበር። «ባንክ» ስንል ከክ በፊት ምላስ ወደ ኋላ ተስባ የምትወጣው የአፍንጫ ድምፅ በአውኚ ራሷን የቻለች ድምፅ ናት፤ በአማርኛው 33 ሆሄ ውስጥ ግን ቦታ የላትም። አውኚ ተናጋሪው ልጅ ወደ አማርኛ ሲሻገር ከሞክሼዎቹ በላይ የሚያሰናክለው ፊደሉ የማይነግረው ነገር ነው፤ መጥበቅና መላላት። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ። «ዋና» ወንዝ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው ነገር? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አለመድረሱ? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? አማርኛ ከእናቱ አፍ የሰማ ልጅ በልማድ ይገምታል፤ በትምህርት ቤት የሚለምደው ልጅ ግን ገጹ ላይ የሚመራው ነገር የለም። ማኅበርን በየትኛውም ሆሄ ቢጽፈው አንባቢው ይረዳዋል፤ ሰፊን ሳያጠብቅ ካነበበ ግን ትርጉሙ ይበላሻል።

ይህን ጉድለት ተረድተው በተግባር የሞከሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የጎጃሙ ደራሲ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁ ሆሄያት ላይ ነጥብ አኖሩ። ልብ ወለዱን አገር ምድሩ አነበበው፣ በሬዲዮም ተተርኮ ተደመጠ፤ የነጥቡን ፈለግ የተከተለ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የማዝነው በዚህ ነው። ሐዲስ የፊደል መሻሻልን በብርቱ ይደግፉ ነበር፤ ከሐሳባቸው ሰው ሁሉ የሚያነሣው ስለ ቅነሳው ያሉትን እንጂ የጨመሩትን አይደለም።

አዋጅ የአጻጻፍን ችግር እንደማይፈታ እንግሊዝኛ ያሳየናል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤቱ 300 ቃላትን በቀለለ አጻጻፍ እንዲያትም አዘው ነበር፤ ጋዜጦች ተሣለቁ፣ ምክር ቤቱ ተቃወመ፣ ትእዛዙም በዚያው ዓመት ከሸፈ። ኖኅ ዌብስተር ግን ጥቂት ለውጦችን በአሜሪካ ሊያጸና የቻለው በትምህርት ቤት የፊደል መማሪያውና እ.ኤ.አ. በ1828 ባሳተመው መዝገበ ቃላት አማካይነት ነው፤ ከልክ ያለፉት ሐሳቦቹ ደግሞ ተንጠባጥበው ቀሩ። የእንግሊዝኛ ፊደል ከእኛ ይልቅ ከድምፁ የራቀ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ቃል አንድ የታወቀ አጻጻፍ ስላለው የተጠራጠረ ሰው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያርፋል። የእኛ ፊደል ለድምፁ ቅርብ ሆኖ ሳለ መዝገበ ቃላቶቻችን እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ስለዚህ ፊደላቱ ይቆዩ፤ ለየቃሉ የሚጻፍበት ሆሄ ግን ይወሰን፤ ውሳኔውም ከመማሪያ መጻሕፍት ይጀምር። ጥንታዊው ይመረጥ ወይስ የአካዳሚው ይጽና የሚለው ክርክር ለእኔ ሁለተኛ ነው፤ እኔ ወደ ጥንታዊው አዘነብላለሁ፣ ነገር ግን ወጥ የሆነ ቀላል አጻጻፍ ወጥ ካልሆነ ጥንታዊ ይሻላል። በመዝገብ ቤትና በባንክ የአንድ ሰው ስም በሁለት ሆሄ ተጽፎ እንደ ሁለት ሰው መቆጠሩም የሚቀረው እንዲህ ነው። ለሚጠብቁት ድምፆች ደግሞ ዩኒኮድ ከሆሄው ራስ ላይ የሚያርፍ የማጥበቂያ ምልክት ካካተተ ቆይቷል። የአማርኛ መማሪያ አዘጋጆች ምልክቱን ቢያንስ ለጀማሪ አንባቢዎች በሚታተሙት ገጾች ላይ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ አማርኛን ከአውኚ ቀጥለው የሚማሩት የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ከማንም በፊት የሚያስፈልጋቸው እርሱ ነው።