የመሪው አንገትና የብረት ብዮቹ ታሪክ

ሞተር ብስክሌት በነጂው ፈቃድ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚታዘዘው፥ ሲፈለግም ሳያወላውል ቀጥ ብሎ የሚሄደው፥ የፊቱን ጎማ የያዙት ክንዶች ከአካሉ ጋር በሚጋጠሙበት አጭር ቱቦ ውስጥ፥ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተሰውረው በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ረዳትነት ነው። እነዚህ የመሪ አንገት ኩሽኔታዎች በጎማው እንብርትና በሞተሩ ሆድ እንዳሉት ወገኖቻቸው ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከሩ የማይውሉ፥ ድምፅ የማያሰሙ፥ ለዐይንም የማይገለጡ ስለ ሆኑ፥ ባለቤቱ የሰንሰለቱን መላላት፥ የጎማውን ማለቅና የዘይቱን መጉደል እየተከታተለ እነርሱን ግን ለብዙ ዓመታት ሳያስታውሳቸው ይኖራል። እኔ እንደሚመስለኝ ከሞተር ብስክሌት አካላት ሁሉ የእነዚህን ያህል ረጅም ታሪክ ያለው፥ የእነዚህንም ያህል የተዘነጋ የለም።

ከባድን ነገር መሬት ለመሬት ከመጎተት ይልቅ በሚንከባለል ነገር ላይ አድርጎ መግፋት እንደሚቀል የጥንት ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር። ከሮማ በስተ ደቡብ በሚገኘው በኔሚ ሐይቅ ውስጥ በንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ዘመን፥ ማለት በ1ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ሁለት ታላላቅ መርከቦች ሰጥመው ኖረው፥ የኢጣልያ መንግሥት ከ1928 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) የሐይቁን ውኃ አስመጥጦ በገለጣቸው ጊዜ፥ ከፍርስራሹ መካከል በነሐስ ብዮች ላይ እንዲዞር የተበጀ የመድረክ ስባሪ ተገኘ። መርከቦቹ በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል በእሳት ጠፉ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ብዮች በክብ ፈለግ ውስጥ ሆነው እርስ በርሳቸው ሳይፋተጉ የሚዞሩበትን መንገድ በሥዕል አሳየ፤ ይህን ሥዕል የያዘው መጽሐፉ ግን በማድሪድ ቤተ መጻሕፍት ተረስቶ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቈየ። በ1794 ደግሞ በዌልስ አገር በካርማርተን ይኖር የነበረ ፊሊፕ ቮን የሚባል የብረት ሥራ ባለቤት፥ የሠረገላ መንኰራኵር ዘንግ በብዮች ላይ የሚሽከረከርበትን ዘዴ አውጥቶ በስሙ የፈጠራ መብት ተቀበለ።

እንግዲህ ዐሳቡ ይህን ያህል ጥንታዊ ሆኖ ሳለ፥ የአውሮፓ ሠረገላ ሁሉ ከዚያ በኋላ እንኳ ብዙ ዘመን በሞራ እየታሸ ብይ በሌለው ዘንግ ላይ ሲያንቋርር የኖረው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የብልኀት ማነስ አልነበረም፤ የብዮቹ አለመተካከል ነበረ እንጂ። በአንድ ቀለበት ውስጥ ከተደረደሩት ብዮች አንዱ ከባልንጀሮቹ በፀጉር ውፍረት እንኳ ቢበልጥ፥ ለሁሉ የተመደበው ሸክም በእርሱ በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ የቀሩት ሥራ ፈትተው ይዞራሉ፤ እርሱም ከኀይሉ በላይ ተሸክሞ ይሰነጠቃል፥ ወይም የሚሄድበትን ፈለግ ይቦረቡራል፤ እርሱ ሲሰበር ተራው በትልቅነት ለሚከተለው ይደርሳል። በእጅ እየተሞረደ የሚሠራ ብይ ደግሞ፥ ሠራተኛው የቱንም ያህል ትዕግሥተኛ ቢሆን፥ ከሌላው ብይ ጋር ፍጹም ሊተካከል አይችልም።

ብዮቹን ከሊቃውንት ወረቀት አውጥቶ ወደ ጎዳና ያወረዳቸው ብስክሌት ነው። ሰው በገዛ እግሩ ኀይል የሚነዳው ዕቃ ስለ ሆነ፥ በመፋተግ የሚባክነውን ድካም ፈረስ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ በጉልበቱ ይከፍለዋልና። በ1869 ጁል ሱሪሬ የተባለ የፓሪስ ሰው ለብስክሌት የሚሆን ባለብይ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከፓሪስ እስከ ሩአን 123 ኪሎ ሜትር ያህል በተደረገው እሽቅድምድም እንግሊዛዊው ጄምስ ሙር በዚህ ዓይነት ኩሽኔታ በተሠራ ብስክሌት ከአሥር ሰዓት በላይ ተጉዞ አንደኛ ወጣ። የዚያን ብስክሌት ብዮች በሳንት ፔላዢ ወህኒ ቤት የነበሩ እስረኞች በእጃቸው አለስልሰው እንዳበጇቸው ይነገራል፤ ነገሩ እንደሚነገረው ከሆነ፥ ብይ መሥራት በዚያ ዘመን ምን ያህል ጊዜና ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቅ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ይህን እንቅፋት ያነሣው ሰው ፍሪድሪኅ ፊሸር ይባላል። በ1849 በባቫርያ፥ በማይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሽቫይንፉርት ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ፊሊፕ ሞሪትስ ፊሸር የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚሠራ፥ ፔዳል ያለበትን ብስክሌት ቀድመው ከሠሩት መካከል ነው ተብሎ በአገሩ ሰዎች የሚወደስ ጠቢብ ነበረ። ልጁ በ1883 የጸና የብረት ብይ እየሞረደ ክበቡን ፍጹም፥ መጠኑንም እኩል የሚያደርግ መኪና አቆመ። ብዮች ብዙ ሆነው በአንድነት በየአቅጣጫው እየተንከባለሉ ሲሞረዱ ትልቁ ብይ አስቀድሞ ይነካል፥ አስቀድሞም ይጐድላል፤ ትንሹ ግን ሌሎቹ እስኪደርሱበት ድረስ ሳይነካ ይቈያል፤ በዚህም ዐይነት እየተላለፉ ሳይሆን እየተጠባበቁ በመጨረሻው ሁሉም ወደ አንድ ልክ ይደርሳሉ። ከዚህ በፊት የሠራተኛው ዐይንና ጣት ያልቻለውን እኩልነት ሥርዐቱ ራሱ ወለደው። ስለዚህ የኩሽኔታ አባት ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ መጻሕፍት ሊዮናርዶን ወይም ቮንን ሲጠሩ፥ እኔ ግን ክብሩ ብይን ላሰበው ሳይሆን ብይን ከብይ ላስተካከለው ሊሰጥ ይገባል እላለሁ። ፊሸር በ1899 ሲሞት ከተማዪቱ የኩሽኔታ መዲና ለመሆን መንገድ ጀምራ ነበር፤ ከእርሱም የተማሩና እርሱን ያዩ ሌሎች ፋብሪካዎች በዙሪያው ተተከሉ።

ይህ ዝና ኋላ መዓት አመጣባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክና አውሮፕላን ያለ ኩሽኔታ እንደማይንቀሳቀስ የተረዱት አሜሪካውያን በነሐሴ 17 እና በጥቅምት 14 ቀን 1943 ሽቫይንፉርትን በቀን ብርሃን ደበደቡ፤ በመጀመሪያው ቀን፥ በዚያው ቀን በሬገንስቡርግ ከተማ ላይ የዘመተው ጓድ ጭምር ተቈጥሮ፥ በሁለተኛውም ቀን 60 60 ትልልቅ አውሮፕላኖች ከነሰዎቻቸው ጠፉባቸው። ለእነዚያ ብዮች ስንት ወጣት እንደ ሞተላቸውና እንደ ሞተባቸው ሳስብ፥ በአዲስ አበባ ቁልቁለቶች ልጆች አሮጌ ኩሽኔታ ከጣውላ በታች ገጥመው ሲንደረደሩበት ማየት ደስ ያሰኘኛል።

ወደ መሪው አንገት እንመለስ። ከ1870ዎቹ እስከ 1880ዎቹ ባሉት ዓመታት ከተለመዱት፥ የፊት ጎማቸው እጅግ ትልቅ ከሆነው ብስክሌቶች፥ በብዙዎቹ የመሪው ምሰሶ ያለ ብይ በሁለት ሾጣጣ ጫፎች መካከል ይዞር ነበር፤ አቧራ ሲገባበት ይከብዳል፥ ሲበላም ይወዘወዛል። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 በኮቨንትሪ ሮቨር የተባለውን፥ በመጠን የተቀራረቡ ሁለት ጎማዎች ያሉትን ብስክሌት ካወጣ በኋላ፥ በቱቦው ላይና ታች ጫፍ ጽዋ የመሰለ ቀለበት ማስቀመጥ፥ በውስጡም ብዮች መደርደር እየተለመደ ሄደ። በ1894 በሙኒክ የሂልደብራንድና የቮልፍሚውለር ሞተር ብስክሌት በብዛት ተሠርቶ ለሽያጭ ሲቀርብ፥ ከእርሱም በኋላ በየአገሩ ሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ሲበዙ፥ ብዙዎቹ ከብስክሌት ሥራ የመጡ ነበሩና ይህን የአንገት ሥርዐት ይዘውት መጡ። ልዩነቱ በሸክሙ ላይ ነው፤ ቀድሞ የአንድ ሰው ክብደት ይሸከሙ የነበሩት ብዮች አሁን የሞተሩን ክብደት፥ የፊት ፍሬን በተያዘ ቍጥር የሚመጣውን ግፊት፥ የጕድጓዱንና የድንጋዩን ምት ሁሉ ይቀበላሉ።

ደግሞም የዚህ ኩሽኔታ ሕመም ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ የሚጐዳው ከመዞር ብዛት ሳይሆን ካለመዞር ነው። ሞተር ብስክሌቱ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ብዮቹ በአንድ ሥፍራ ላይ ይቆማሉ፤ መንገዱ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ግሪሱ ከሥራቸው እየተገፋ ይሸሻል፤ ብረት ያለ መካከለኛ ብረትን እየፈገፈገ ከእያንዳንዱ ብይ ሥር ትንሽ ጐድጓዳ ይቈፍራል። የዚህ ነገር ምሥጢር በግልጥ የታወቀው በ1930ዎቹ፥ አዳዲስ አውቶሞቢሎች በአሜሪካ በባቡር ተጭነው ሩቅ አገር ሲደርሱ፥ አንድ እርምጃ ሳይነዱ የጎማ ኩሽኔታቸው በየብዩ ልክ ተቦርቡሮ በመገኘቱ ነው። ጐድጓዶቹ በብርቱ ምት የሚመጣውን ስምጥ ይመስላሉ፤ ያ እውነተኛው ስምጥ የሚጠራው፥ የብረትን ጽናት የጸና ብይ ተጭኖ በሚተወው ምልክት መለካትን በ1900 ባስተማረው በስዊድናዊው መሐንዲስ በዮሐን አውጉስት ብሪኔል ስም ነው።

ሕመሙን የማወቂያው መንገድ ከጥንት የመካኒኮች ልማድ ብዙ አልተለወጠም። ሞተር ብስክሌቱን በመካከለኛ መቆሚያው አቁሞ የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሣ ማድረግ፤ ከዚያም የክንዶቹን የታችኛውን ጫፍ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ፤ ቋ የሚል ነገር ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን በጣት ብቻ፥ እጅግ በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር፤ ልክ መካከሉ ላይ ሲደርስ የሚይዘው፥ ወደ ሥፍራው የሚወድቅ የሚመስል ነገር ካለ፥ ያ ብዮቹ ራሳቸው የቈፈሩት ጐድጓዳ ነው። ይህን በማጥበቅ ማዳን አይቻልም፤ እንዲያውም ማጥበቅ መሪውን ያደነድነዋል፥ ነጂውም በዝግታ ሲሄድ ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል።

ስለዚህ ኩሽኔታው መለወጥ አለበት። ሲለወጥ መሪው ይነሣል፥ የላይኛው ዳዶ ይፈታል፥ ክንዶቹም ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ልቅ ብዮች ያሉበት ከሆነ ጨርቅ ማንጠፍ ይገባል። አሮጌው ግሪስ በላምባ ታጥቦ ሲገለጥ በየፈለጉ ላይ የሚያብለጨልጩ ነጥቦች በእኩል ርቀት ተሰልፈው ይታያሉ። ቀለበቶቹ ከቱቦው የሚወጡት ከውስጥ አንድ ጊዜ በአንዱ ወገን አንድ ጊዜ በሌላው ወገን በጥንቃቄ እየተመቱ ነው፤ አዲሶቹ ቀጥ ብለው መግባት አለባቸው፥ ጥቂት ዘመም ያለ ቀለበት ሸክሙን በእኩል አያካፍልምና። ግሪስ በብዛት ይቀባል፤ ዳዶው በመጀመሪያ ጠበቅ ተደርጎ መሪው ብዙ ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ ይዞራል፥ ቀለበቶቹ ይደላደሉ ዘንድ፤ ከዚያም ላላ ተደርጎ ይታረማል። ልኩ የሚታወቀው ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ መሪው ከመካከል ጥቂት ሲነካ በገዛ ክብደቱ ወደ ጥግ ሲሄድ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ሲወዘወዝ ምንም ሳይንቋቋ ሲቀር ነው።

ከብይ ሌላ ምርጫም አለ። በ1898 በሴንት ሉዊስ ሠረገላ ሠሪ የነበረው ትውልደ ጀርመን ሄንሪ ቲምከን ብይን ትቶ ሾጣጣ በርሜል በመሰሉ ብረቶች የሚዞር ኩሽኔታ ፈጠረ። ብይ ፈለጉን የሚነካው በነጥብ ሲሆን ይህ ግን በመስመር ስለሚነካ ሸክሙ ይሰፋል፥ ጐድጓዳውም ይዘገያል፤ ስለዚህ ብዙ መካኒኮች ያረጁትን ብዮች አውጥተው በምትካቸው ሾጣጣውን ያስገባሉ፤ በጕድጓዳምና በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ለሚነዳ ሰው እኔም ይህን እመርጣለሁ።

ብዮቹን የሚያስቀጥል ሰው ግን ይህን ይጠብቅ፤ አንባቢ ሆይ፥ ሞተር ብስክሌትህን ወደ ጋራዥ ስትወስድ የጠፋውን አንድ ብይ ብቻ ተክቶ አሮጌውን ከአዲሱ የሚቀላቅል፥ ወይም አዲስ ብዮችን በተቦረቦረ ቀለበት የሚደረድር እጅ አይንካው፤ ብዮቹ በሙሉ፥ ቀለበቶቹም አራቱም፥ በአንድ ቀን አብረው ይለወጡልህ ዘንድ ጠይቅ።