ከፀጉር ሥር የሚነሣ ቆዳ፦ የቃጠሎ ሕክምና ታሪክ በአዲስ ዓለም መንገድ

አዲስ ዓለም ለመናገሻነት የታጨችው በማገዶ ምክንያት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን በመመናመኑ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ሲያቃልል ሐሳቡ ተተወ፤ የተጀመረውም ሕንፃ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዚያች መናገሻ የተጠረገው ጎዳና ግን ከአገሪቱ ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆኖ ቀረ። ምድጃ ላይ የወደቁ፣ የፈላ ውኃ ወይም ወጥ የተደፋባቸው ሕፃናት ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚወሰዱት በዚሁ መስመር ነው። ርቀቱ ከአዲስ ዓለም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአምቦ ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

ከባድ ቃጠሎ የደረሰባቸው ሕሙማን ከሚላኩባቸው ተቋማት አንዱ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ለጥልቅ ቃጠሎ ዋናው ሕክምና የቆዳ ንቅለ ተከላ ነው፤ ከሕመምተኛው ጭን ስስ ቆዳ ተልጦ በጸዳው ቁስል ላይ ይነጠፋል። በዚህ ሥራ ይበልጥ የሚያስደንቀው ቁስሉ ሳይሆን ጭኑ ነው። የተላጠው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ሽፋን ያበቅላል፤ ካስፈለገም ከዚያው ቦታ እንደገና ይወሰዳል። አዲሱ ሽፋን የሚነሣው በውስጠኛው የቆዳ ንብርብር ከቀሩት የፀጉር ሥሮችና የላብ ዕጢ ቱቦዎች ሲሆን፣ በዚያ የተሸሸጉት ሕዋሳት የአዋቂ ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባሉት ናቸው። አዋቂ የተባሉት ከፅንስ ግንደ ሕዋስ ለመለየት ብቻ ነው እንጂ በጨቅላ ሕፃን ቆዳም ውስጥ አሉ።

እጅ እዚህ ላይ ከዕውቀት ቀድሟል። ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ልዊ ሬቨርዳን እ.ኤ.አ. በ1869 በፓሪስ ጥቃቅን የቆዳ ቁራጮችን በቁስል ላይ ሲያኖር እያንዳንዷ ቁራጭ እንደ ደሴት ዙሪያዋን እየሰፋች ቁስሉን ስትሸፍን ተመለከተ። ጀርመናዊው ካርል ቲርሽ በ1874 ሰፋፊ ስስ ቆዳ መንቀልን አስፋፋ። ደሴቶቹን የሚያሰፋቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን በአሜሪካ የሰውን የላይኛ ቆዳ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ማራባት ቻሉ። በ1984 ይፋ በሆነ ዘገባ ከ95 በመቶ በላይ ሰውነታቸው የተቃጠለ ሁለት ሕፃናት ከራሳቸው ሕዋሳት በተራባ ቆዳ መታከማቸው ተገለጸ። በ1987 ግሪንና ያን ባራንዶን ከተራቡት ሕዋሳት መካከል ለረጅም ጊዜ የመባዛት ኃይል ያላቸው የተወሰኑት ብቻ መሆናቸውን አሳዩ፤ ተከላው ዘላቂ የሚሆነውም በእነዚህ ነው። የፀጉር ሥር የግንደ ሕዋስ ማደሪያ መሆኑን ያመለከተው የአይጥ ጥናት የወጣው በ1990 ነበር። እጅግ ሩቅ የተደረሰው ግን በጀርመን ቦኹም ከተማ ነው፤ በ2015 የተጀመረውና በ2017 የተዘገበው ሕክምና በዘር የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ላለበት ልጅ 80 በመቶ የሚሆነውን የላይኛ ቆዳ፣ የዘረመል ጉድለቱ በታረመ የራሱ ግንደ ሕዋስ ተክቶለታል።

ይህ ሁሉ ሲነገር የተራባ ቆዳ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅ፣ በቀላሉ እንደሚላቀቅ፣ ላብና ፀጉር እንደማያበቅል፣ ዋጋውም ከባድ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሕመምተኛው ይዟቸው የመጣውን ሕዋሳት ማዳን ከሁሉ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ዳግላስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ቃጠሎን በሦስት ክልል ከፍሎታል፦ መካከሉ የሞተ፣ ዳሩ የቀላ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የደም ዝውውሩ የተዳከመና ሊሞትም ሊድንም የሚችል ነው። ጭኑን መልሶ የሚያለብሰው ዓይነት የፀጉር ሥር በዚህ መካከለኛ ክልል ከተረፈ ቁስሉ ከውስጥ ይሸፈናል። ካልተረፈ ከዳር ብቻ እየተጎተተ ይድናል፤ ያኔ ጠባሳው ክርንን ያጥፋል፣ አገጭን ከደረት ያጣብቃል።

የዚህ ክልል ዕጣ በከፊል የሚወሰነው ሕፃኑ መኪና ላይ ከመሳፈሩ በፊት ነው። በረዶ ያልሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ከቃጠሎው በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይጠቅማል፤ የቀረው ሰውነት ግን እንዳይበርደው መሸፈን አለበት። ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን አያወጡትም፤ የቁስሉን ጥልቀት የሚመረምረውንም ባለሙያ እይታ ይጋርዱበታል።