ጥንቸሏ ሶፋ ላይ ስትወጣ

ቤቱ ውስጥ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ሶፋ ላይ እንዳትወጣ ምን ላድርጋት?» ይላል። እኔ ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ነው ባይ ነኝ። ጥንቸል ትወጣለች፤ ትዘላለችም። ይህን ከልክሎ የተሳካለት ሰው እስካሁን አላየሁም። ሊጠየቅ የሚገባው ስትወርድ ምን ላይ ታርፋለች የሚለው ነው። ልጆቼ ጥንቸል ቤት ካስገቡ ስድስት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት እንዳስተዋልኩት ከመውጣቱ ይልቅ የሚያሰጋው መውረዱ ነው።

ስለ በሬ፣ ስለ በቅሎና ስለ ዶሮ አያቶቻችን ያቆዩልን ዕውቀት ሞልቷል። ስለ ቤት ጥንቸል ግን የወረስነው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኦርቶዶክሱ በኦሪት ሕግ ያልተፈቀደች ናት ብሎ ሥጋዋን አይበላም፤ ገበሬውም እንደ ዶሮ አላረባትም። በየሜዳው የምናውቃትና በተረት የምትነሳው ጥንቸል ደግሞ ቤት ከምናስገባት ጋር ስም ትጋራ እንጂ ዝርያዋ ሌላ ነው። የእኛዋ የዱር ጥንቸል የምትኖረው ከመሬት በላይ ነው፤ ግልገሏም ጠጉር ለብሶና ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል። የቤቷ ግን የዘር ሐረጓ ከስፔንና ከፖርቱጋል አካባቢ የሚመዘዝ፣ ጉድጓድ ቆፍራ በማኅበር የምትኖር ናት። ከጉድጓዷ ብቅ ትልና ጉብታ ላይ ቆማ ጠላት መኖር አለመኖሩን ትቃኛለች። ሳሎን ውስጥ ጉብታ የለም፤ ሶፋ አለ። ስለዚህ ሶፋ ላይ ስትወጣ ጠግባ አይደለም፤ ዘብ መቆሟ ነው።

አሁን ወደ አጥንቷ እንምጣ። የጥንቸል አጥንት ተጠቃሎ ቢመዘን ከሰውነቷ ክብደት ከ7 እስከ 8 በመቶ ብቻ ነው። የድመት ከ12 እስከ 13 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ቀላል አጥንት ላይ የተገጠመው የኋላ እግር ጡንቻ ግን እጅግ ብርቱ ነው። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጥንቸል ዝላይ ውድድር ያካሂዳሉ፤ ከ1 ሜትር በላይ የዘለሉም አሉ። ይህን ሰምቶ «የእኔዋም ትችላለች» የሚል ሰው እንዳይሳሳት። እነዚያ የሠለጠኑ ናቸው፤ የሚያርፉትም የማያንሸራትት መሬት ላይ ነው። ጥንቸል ደንግጣ በኃይል ስትፈራገጥ፣ ማንም ሳይነካት የገዛ ጡንቻዋ የታችኛውን ወገቧን አከርካሪ ሊሰብረው ይችላል።

ዓይኗም የራሱ ችግር አለበት። ዓይኖቿ በግራና በቀኝ የተተከሉ በመሆናቸው ዙሪያዋን ሁሉ ታያለች፤ ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን ግን አታይም። በሁለቱም ዓይኖቿ በአንድነት የምታየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ርቀት መገመት ይከብዳታል። መዳፏ ደግሞ እንደ ድመትና እንደ ውሻ ለስላሳ ትራስ የለውም፤ ከሥሩ ጠጉር ነው። ይህ ጠጉር አፈርና ሣር ላይ ይመቻል። ሴራሚክ ላይ ግን በካልሲ እንደመሮጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው የከተማችን ቤት አደጋ የሚሆነው። ሴራሚክ የሥልጣኔ ምልክት ከሆነ ወዲህ ኮንዶሚኒየሙም ቪላውም በመስተዋት የተነጠፈ መስሏል። አንዲት ጎረቤታችን ቤት የሆነው ይህን ያስረዳል። እንግዶች መጥተው ልጆቹ ይጫወታሉ። ጥንቸሏ የሶፋው መደገፊያ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንዱ ሕፃን «ውረጂ!» ብሎ በፎጣ አባረራት። ዘለለች፣ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራታ ወገቧ ተጠማዘዘ፤ የኋላ እግሮቿ ከዚያ በኋላ አልታዘዙላትም። እናትየዋ፣ «ጋሼ፣ ከዚህች ከፍታ ወድቃ እንዲህ ትሆናለች?» አለችኝ። ከፍታው 1 ሜትር አይሞላም ነበር። የጎዳት ከፍታው ብቻ አልነበረም፤ ተባርራ መዝለሏና ያረፈችበት ወለል ተጨምረውበት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ወለሉ ነው። ሶፋው ፊት ለፊትና በሁለቱም ጎን፣ ማለትም ዘልላ በምታርፍበት ሁሉ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ይነጠፍ። ጎማ የሌለው ትንሽ ምንጣፍ ከባዶ ሴራሚክ የባሰ ነው፤ እሷን ይዞ ይሄዳልና። ከአንዱ ምንጣፍ ወደ ሌላው ስትሄድ መሐል ላይ ባዶ ወለል እንዳይኖር ማያያዝ ይገባል። በዓል ሲመጣ የምንጎዘጉዘው እርጥብ ቄጠማም ያንሸራትታል፤ ለዚያን ቀን ሌላ ክፍል ትቆይ።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። የተለመደ ሶፋ መቀመጫው ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጤነኛ ለሆነች ጎልማሳ ጥንቸል ምንጣፍ እስካለ ድረስ ይህ አያስፈራም። መደገፊያው፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ ቡፌውና የመስኮቱ ደፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ እነርሱ የሚያደርሳት መሰላል ራሳችን የምናስቀምጠው ወንበር ነው። ወንበሩን ማራቅ ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የፕላስቲክ ወንበር በተለይ ቀላል ስለሆነ ይዟት ይገለበጣል። ለሶፋው ግን መወጣጫ ይሠራላት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ከባድ የጣውላ ሣጥን፣ ላዩ ምንጣፍ የተለጠፈበት። ለአናጺ ሥራው የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። ያረጀች፣ የወፈረች ወይም እግሯን የሚያማት ከሆነች ደግሞ ከሣጥኑ ይልቅ አግዳሚ ርብራብ ያለው፣ ቁልቁለቱ ረጋ ያለ ጣውላ ይሻላታል።

ሶፋው ራሱም ይፈተሽ። ብዙዎቻችን ቤት ሶፋው በዳንቴል ተሸፍኗል። ዳንቴሉ ያምራል፤ ረጅም የጥንቸል ጥፍር ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ ሲያዝና እሷ ስትዘል ግን ጥፍሩ ይነቀላል፣ አንዳንዴም እግር ይሰበራል። ዳንቴሉን ማንሳት፣ ጥፍሯንም በየወሩ ገደማ አይቶ ጫፉን መቁረጥ ነው፤ በጥፍሩ ውስጥ የሚታየው የደም ሥር አይነካ። የሚተኛና የሚነሳ ባለ ብረት ሶፋ ያለው ሰው ከማንቀሳቀሱ በፊት ሥሩን ይመልከት። ሶፋ ላይ የተጣለ ጋቢም አደገኛ ነው፤ ጥንቸል ሥሩ ገብታ መተኛት ትወዳለች፣ ሰው ደግሞ ሳያይ ይቀመጣል። እኛ ቤት ጋቢ ሳይገለጥ አይቀመጡበትም፤ እንግዳም ቢሆን ይነገረዋል።

ከወጣች በኋላ የምታገኘውም መታሰብ አለበት። የቴሌቪዥን ገመድ ትቆርጣለች። መስኮት ላይ የሚቀመጠው ዲፈንባኪያ የሚባለው ባለ ሰፊ ቅጠል አበባ አፏን ያቃጥላታል። ቡና ሲፈላ ከሰል ያለበት ምድጃና ጀበናው በዝላይዋ ክልል ውስጥ ናቸው። በረንዳው ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድላት፤ ጭንቅላቷ ባለፈበት የብረት ክፍተት የቀረው ሰውነቷ ሊያልፍ ይችላል።

ማውረድ ሲያስፈልግ ማባረር የለም። አንድ ዘለላ በሶብላ መወጣጫው አጠገብ አድርጎ በስሟ መጥራት ይበቃል። ደጋግመው ቢያደርጉት በሳምንታት ውስጥ መንገዱን ትለምደዋለች። ማንሳት ግድ ከሆነ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንዱ ከዳሌዋ ሥር ሆኖ ሰውነቷ ወደ ያዣት ሰው ደረት ይጠጋ። በጆሮዋ ማንሳት ነውር ነው። ልጆች ቆመው አይያዟት፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ትምጣላቸው። ትንሿ ልጄ፣ «አባዬ፣ ለምን አትታቀፈኝም?» ስትለኝ፣ መታቀፍ ለእሷ በጭልፊት እንደ መያዝ ነው አልኳት።

ሕግ ያጠና ሰው ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ ስለማይሆንለት፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ከቁጥጥሩ ውጭ ቢወጣም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። የተከራዩት ቤት ከነዕቃው ከሆነና ጥንቸሏ የአከራዩን የቆዳ ሶፋ ከቧጨረች «እንስሳ ናት፣ ምን ላድርግ» የሚለው ክርክር ሩቅ አይሄድም። ወፍራም አንሶላ ማልበስ ይረክሳል።

የወደቀች ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች። በሰው ልክ አትጮህም። ጥርሷን ካፋጨች፣ ጥግ ይዛ ከተኮራመተች፣ ትዘልበት የነበረውን ሶፋ ድንገት ከተወች አንድ ነገር አለ። የኋላ እግሯን ከጎተተች ወይም ሽንቷ ካመለጣት ሳያጣምሟት ፎጣ ላይ አንሸራትቶ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ማስተኛት፣ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። የተሰበረውን ለማቃናት ወይም ለማሰር መሞከር አይገባም። 12 ሰዓት ያህል ምንም ካልበላችም አንጀቷ ሊቆም ስለሚችል ነገ ይታያል ተብሎ አይታደርም።

ከቤት መድኃኒት ሣጥን ምንም አይሰጣት። በተለይ በየቤቱ የማይጠፋው አሞክሲሲሊን በአፍ ከተሰጣት የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አጥፍቶ ይገድላታል። የእንስሳት ሐኪሞቻችን አብዛኛው ሥራቸው ከብትና ውሻ ላይ ስለሆነ፣ ጥንቸል አክሞ የሚያውቀውን አስቀድሞ ጠይቆ ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርሱም ክብደቷን፣ የወደቀችበትን ሰዓትና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደበላች ንገሩት።