የበሽታውን ዘር ተሸክመው ጤነኛ የሆኑት

እ.ኤ.አ. በ1911 ሄርማን ኦፐንሃይም የተባለ የበርሊን የነርቭ ሐኪም ለአንድ ግራ ለሚያጋባ በሽታ ስም አወጣለት፦ ዲስቶኒያ። ደህና ሲሮጥ የነበረ ልጅ አሥር ዓመት አካባቢ ሲሆነው አንድ እግሩ ሲራመድ መጠማዘዝ ይጀምራል። ቀስ በቀስ ሌላው እግር፣ ወገቡ፣ ክንዱ ይከተላል። አእምሮው ግን እንደነበረ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው በርሊን ሽቫልበ የተባለ ሰው በመመረቂያ ጽሑፉ ይህንኑ በአንድ ቤት ሦስት ልጆች ላይ አይቶ ጽፎት ነበር። እሱ ግን ነገሩን ከ"ሂስቴሪያ" ጋር አያያዘው። ይህ ስም ለብዙ አሥርት ዓመታት ከታማሚዎቹ ጀርባ አልወረደም፤ እግሩ የተጠማዘዘ ልጅ "ጭንቀት ነው" እየተባለ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ኦፐንሃይም ያያቸው ልጆች ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ የአይሁድ ልጆች ነበሩ። እሱም አይሁዳዊ ነበር፤ በዚሁ ምክንያት የሚገባውን የፕሮፌሰርነት ወንበር ተነፍጓል። በሽታው "የአይሁድ በሽታ" ተብሎ መታየት ሲጀምር ነገሩ ከሕክምና አልፎ ወደ ሌላ መንገድ ሊሄድ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ እንምጣ። በሽታው በዘር እንደሚሄድ ታወቀ፤ ግን ይዘላል። ልጁ ይታመማል፣ አባትና እናት ጤነኛ ናቸው፣ አያት ጤነኛ ነው፣ የአጎት ልጅ ደግሞ ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤልድሪጅ የተባለ ተመራማሪ "በአይሁዶች ዘንድ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም" አለ። አባባሉ ከዝላዩ ጋር ስለሚገጥም ለሃያ ዓመት ያህል ተቀባይነት አገኘ። ስህተት ነበር። ቤተሰቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደገና ሲመረመሩ ከአንድ ወላጅ መውረስ ብቻውን እንደሚበቃ ታየ። የሚገርመው ሌላው ነው፦ ከወረሱት 10 ሰዎች የሚታመሙት 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ሳይታመም የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ የሚታመመው ከስንት አንዴ ነው።

በ1997 ቶር 1ኤ የተባለው ጂን ተገኘ። ጉድለቱ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት መጉደላቸው ነው፤ ከዚህ የተነሣ አንዲት ቅንጣት ከአንድ ፕሮቲን ላይ ትጎድላለች። የታመመውም ያልታመመውም የጎደለው ያው ሦስት ፊደል ነው። ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ቆጥረው በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ ያለው ጉድለት ከ350 ዓመት ገደማ በፊት ሊቱዌንያና ቤላሩስ አካባቢ ከኖረ አንድ ሰው እንደተነሣ ገምተዋል። እንግዲህ አስቡት፦ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ምንም ሳያውቁ ወልደው ከብደው አልፈዋል።

ምን ጠበቃቸው? አንዱ መልስ በ2007 መጣ። እያንዳንዳችን የጂኑ ሁለት ቅጂ አለን። በጤነኞቹ ተሸካሚዎች ላይ ከሌላኛው ወላጅ የመጣው ደህናው ቅጂ ትንሽ ለየት ያለ ዓይነት ሆኖ በብዛት ተገኘ፤ ይህ ዓይነት ያለው ሰው የመታመም ዕድሉ በጣም ዝቅ ይላል። ጋሻው ግን ያላቸው ጥቂቶች ስለሆኑ የቀሩትን አያስረዳም።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው በ2009 በአንጎል ምስል የታየው ነው። ከሴሬቤለም (ከትንሹ የኋላ አንጎል) ወደ ታላመስ የሚወስደው የነርቭ መስመር በታመሙትም ባልታመሙትም ተሸካሚዎች ላይ ተጎድቷል። ባልታመሙት ላይ ግን ሁለተኛ ጉዳት ተገኘ፤ ከታላመስ ወደ ላይኛው አንጎል በሚሄደው መስመር ላይ። የተበላሸው መልእክት እንቅስቃሴን ወደሚያዘው ክፍል ሳይደርስ እዚያው የሚቀር ይመስላል። አንዱ ስብራት የሌላውን ጥፋት አገደ ማለት ነው! "ጤነኛ" የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ እንያዘው፦ በ2004 የወጣ ጥናት ተደጋጋሚ ከባድ ድብርት በታመሙትም ባልታመሙትም ተሸካሚዎች ላይ ከፍ ብሎ አግኝቷል።

ይህን ሁሉ በአንድ የሕክምና ወሬ ብቻ አትለፉት። ኦፐንሃይም በ1919 ሞተ። በ1933 እዚያው በርሊን የተቀመጠው የናዚ መንግሥት "በዘር የታመሙ" ያላቸውን ሰዎች በግዳጅ የሚያመክን ሕግ አወጣ። ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ የሃንቲንግተን በሽታ ነበር፤ እሱም የእንቅስቃሴ በሽታ ነው። በዚህ ሕግ በጠቅላላው 400,000 ያህል ሰዎች መከኑ። በእርግጥ ሃንቲንግተን እንደ ዲስቶኒያው መሐሪ አይደለም፦ በጂኑ ውስጥ 40ና ከዚያ በላይ ድግግሞሽ ያለበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም ማለት ይቻላል። ከ36 እስከ 39 ያለበት ግን ሳይታመም ሊያረጅ ይችላል። በ1933 ይህን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ አልነበረም፤ ጂኑ የተገኘው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ግን አልጠበቀም።

እኛም ጋ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር "በዘራቸው አለ" የሚል ሹክሹክታ ስንት ትዳር እንዳስቀረ ታውቃላችሁ። ዛሬ ሹክሹክታው የላብራቶሪ ወረቀት ሆኖ ሊመጣ ነው። ወረቀቱ "አለ" ወይም "የለም" ይላል። በዲስቶኒያው ጉዳይ "አለ" ከተባሉት 10 ሰዎች 7ቱ እግራቸው ሳይጠማዘዝ ያረጃሉ፤ ሰባቱ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ወረቀቱ አይናገርም።